የእማማ ዩትሪስ ተራ

ሞሩጋ፣ ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለአብሮ አደጌ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? ወደ ቶቤጎ ስትመለሺ መርከቡ አናወጣችሁ ወይስ ባሕሩ ረገብ ብሎ ነበር? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ግን እንዳታምኚኝ፤ እናትሽን ከቀበርን ወዲህ እህል አልዋጥልሽ ብሎኛል።

በቀብሩ ዕለት አንገቴ ላይ ተጠምጥመሽ፣ አንቺ ባትኖሪላት እናቴ ብቻዋን ትሞት ነበር አልሽኝ። ሰው ሁሉ ሰማ። እኔ ዝም አልኩ። ዛሬ የምጽፍልሽ ስለዚያ ዝምታዬ ነው። እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ ያሻሽን አድርጊ።

ከትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ጡረታ ስወጣ ሠላሳ ስምንት ሺህ ዶላር እንደሰጡኝ ታውቂያለሽ። የሃያ ስድስት ዓመት ላብ ነው። ላስቀምጠው ብዬ ሳን ፈርናንዶ ወዳለው የፈንድ ቢሮ ሄድኩ። ሁለት ዓይነት ፈንድ አላቸው። አንደኛው በአምስት መቶ ዶላር ይከፈታል፤ ባሻሽ ቀን ታወጪያለሽ፤ ትርፉ ግን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሁለተኛው ትርፉ ደህና ነው፤ መነሻው ግን ሃምሳ ሺህ ነው፤ ዓመት ሳይሞላው ከዚያ ዝቅ ካለ ቅጣት ቆርጠው ይዘጉታል። ባለ አምስት መቶዎቹ በረንዳው ላይ ተሰልፈው ይቆማሉ። ባለ ሃምሳ ሺዎቹ ውስጥ ገብተው፣ ቀዝቃዛ አየር እየነፈሰላቸው፣ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ።

ሰልፉ ላይ ቆሜ ሳለሁ ያቺ የአጎቴ ልጅ ቬርና ከውስጥ ብቅ አትልም መሰለሽ! "አንቺ፣ እዚህ ፀሐይ ላይ ምን ትሠሪያለሽ? የሞሩጋ ሰው መቼም ወንበር አይወድም!" ብላ በሰው ፊት ሳቀችብኝ። እሷ እዚሁ እንዳልተወለደች። ደሜ ፈላ፤ ሰልፉን ጥዬ ወጣሁ።

የጎደለኝ አሥራ ሁለት ሺህ ነበር። የሰፈራችን ዕቁብም ልክ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። የጥር ተራ የእናትሽ የእማማ ዩትሪስ ነበር፤ የእኔ የሰኔ። የገና በዓል ባለፈ በሦስተኛው ቀን ቤቷ ሄድኩ። ቂጣ ጠብሳ ከጨው ዓሣ ጋር አቀረበችልኝ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋ አድርጌ የፈንዱን መግለጫ ዘረጋሁላት። መነጽሬን ቤት ረስቼው ስለነበር ደቃቁን ጽሑፍ ያነበበችልኝ እሷ ናት። ሽፋኑ ላይ የሚስቀውን ሽማግሌ አይታ "ይሄ ሁሉ ጥርስ የራሱ ነው?" አለችና አሳቀችኝ። እኔም "እማማ፣ ተራሽን ለውጪኝ" አልኳት። ሰውን የዕቁብ ገንዘቡን ለምን እንደሚፈልገው መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር አይደል? አልጠየቅኋትም። እሷም አልነገረችኝም። "ከዚያ ፀሐይ የሚያስነሳሽ ከሆነ ውሰጂው ልጄ፤ እኔ እስከ ሰኔ የት እሄዳለሁ?" አለችኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩልሽ። ሃምሳ ሺህ ሞላ፤ አንድ ዶላር አልተረፈኝም።

መጋቢት ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እናትሽ ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች። እርጅና ነው፣ አትጨነቂ አለችኝ። በማግስቱ ቢሮው ሄጄ አሥራ ሁለቱን ሺህ ብቻ ስጡኝ አልኩ። ራሙዲት የሚባለው ጸሐፊ "እማማ፣ መብትዎ ነው፤ ግን ከመነሻው ስለሚወርድ ሒሳቡ ይዘጋል፤ ቅጣቱም ሁለት ሺህ ገደማ ነው። እስከ ጥር ቢታገሡ አይሻልም?" አለኝ። የማውጫውን ቅጽ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ለሁለት ሺህ ዶላር ብዬ!

ሰኔ ሊገባ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው እናትሽ ጓሮዋ ውስጥ ወድቃ ተገኘች። ሰው ሁሉ ድንገተኛ ነው አለ። እኔም ድንገተኛ ነው አልኩ።

ትናንት የዕቁቡ ዳኛ ሚስተር ሆሊስ የሰኔውን ተራ አምጥተው፣ ለልጇ አድርሺላት አሉኝ። ፈንዱንም ዘጋሁት። ቅጣቱን ቆረጡ፤ ምንም አልመሰለኝም። አሥራ ሁለቱን ሺህና ፈንዱ በአምስት ወር የወለደውን ስድስት መቶ አርባ ዶላር ደብዳቤውን በሚያመጣልሽ ሰው እጅ ልኬልሻለሁ። አልፈልግም ካልሽ ባሕር ውስጥ ጣይው እንጂ ለእኔ አትመልሺው።

ከገንዘቡ ጋር አንድ ወረቀት አለ። ዕቃዋን ሳነሳሳ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አገኘሁት። ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ ወደ ጎን የገፋሁት፣ የልብ ሐኪሙ የጻፈላት ነው፤ የጥር ሃያ ቀጠሮ፣ ከሥሩም አስቀድሞ የሚከፈለው አሥራ ሁለት ሺህ። ዓይንሽ ደክሞም ቢሆን አትቸገሪም። ጽሑፉ ጉልህ ነው፤ ያለ መነጽር ይነበባል።

እግዚአብሔር ለአንቺ መጽናናትን፣ ለልጆችሽ ዕድሜን ይስጥ። ለእኔ አትጸልዪልኝ አልልሽም።

እህትሽ ብዬ መፈረም አቃተኝ፤

አብሮ አደግሽ