በእትዬ ዘይት ሞት የተሰማንን ሀዘንና የጥገና ክፍሉን የማንዘጋ መሆናችንን ስለማሳወቅ

የጥርስና የመንጋጋ ሕክምና ሆስፒታል ሠራተኞች ማህበር፣ የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ክፍልን በኃላፊነት ሲመሩ የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ዘይት» እያልን የምንጠራቸው ሐኪም፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ትናንት ያረፉ መሆኑን ለባልደረቦቻችን፣ ለታማሚዎቻችንና ለሕዝብ የሚያሳውቀው አንጀቱ እያረረ ነው።

ይህ መግለጫ ከመውጣቱ በፊት ከአስተዳደሩ በኩል አንድ ምክር ደርሶናል። ከዓመታት በፊት በታማሚ ላይ የደረሰውን የቃጠሎ ጉዳይ ባናነሳና «ሀዘኑን በሀዘንነቱ ብቻ ብንይዘው» መልካም እንደሚሆን ተነግሮናል። ምክሩን ሰምተናል፤ አልተቀበልነውም። ያንን ትቶ ስለ እሳቸው መናገር ስለ ሌላ ሰው መናገር ነው።

እትዬ ዘይት የስፌት ማሽን ጠጋኝ ከነበሩ አባትና ከልብስ ሰፊ እናት ተወለዱ። አባታቸው ማሽን ሲፈቱ ብሎኑን በመዳፋቸው እየተቀበሉ ነው ያደጉት። በትምህርታቸው ገፍተው በመንጋጋ ቀዶ ሕክምና ሠለጠኑ፤ በሆስፒታላችንም ለረጅም ዓመታት አገለገሉ። ሥራው ቀኑን ሙሉ አንገት ደፍቶና ጎብጦ የሚሠራ በመሆኑ፣ የጀርባቸው ዲስክ ተንሸራቶ ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንዲወጡ ሐኪሞቻቸው ወሰኑ።

አዲሱ ሕንፃ በተመረቀበት ዓመት አስተዳደሩ የቢሮ ሥራ ሊሰጣቸው ፈልጎ ነበር። «ወንበር የምትሰጡኝ ከሆነ ሞተር ያለበት ክፍል ውስጥ ስጡኝ» ብለው ወደ ምድር ቤት ወረዱ። የጥገና ክፍሉ በዚያን ጊዜ ከአየር መጭመቂያው ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ የነበረ የተሰበረ ወንበር ማከማቻ ነበር። መስኮቱ ከመንገዱ እኩል በመሆኑ የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። ቆሻሻውን አስወጡ፣ ግድግዳውን ቀለም አስቀቡ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አነጠፉ። መሰርሰሪያውን ከሚያሽከረክረው ኩሽኔታ ውስጥ የምታመልጥ የብረት ኳስ የሰናፍጭ ፍሬ ታክላለችና፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ካልሆነ ተመልሳ አትገኝም።

ቅጽል ስማቸውም የወጣው እዚያው ነው። ማንም ሠራተኛ ሀንድፒስ፣ ማለትም መሰርሰሪያው የሚሰካበትን እጀታ፣ ይዞ ሲወርድ ከሰላምታ በፊት «ዘይት ጠጥታለች?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ባለቤታቸው የሒሳብ መምህር ናቸው። እኚህ መምህር በበኩላቸው የቤታቸው ማራገቢያ ለዓመታት ሲንጫጫ ጠብታ ዘይት እንዳላገኘ ለማህበራችን አባላት በየአጋጣሚው አቤት ይሉ ነበር። አቤቱታው እስከ መጨረሻው መልስ አላገኘም።

ኤሌክትሪክ ሀንድፒሶች በገቡበት ዓመት፣ እትዬ ዘይት ከሁሉም ቀድመው አንድ አደጋ አስጠነቀቁ። በአየር የሚሽከረከሩት የድሮዎቹ መሣሪያዎች ኩሽኔታቸው ሲያልቅ ይደክማሉ፤ ሐኪሙም ያውቃል፣ ይቀይራል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት ግን ሲያረጁ አይደክሙም። ሞተሩ የጎደለውን ጉልበት ለመሙላት ይበልጥ ይገፋል፤ መሰርሰሪያውን የያዘው ጭንቅላታቸው ይግላል። ሐኪሙ ጓንት አጥልቋል፣ ታማሚው ደንዝዟል። የጋለው ብረት ከንፈር ወይም ጉንጭ ላይ ተደግፎ ሲያቃጥል ማንም አይሰማውም።

ስለዚህ አንድ ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ ሀንድፒስ ከእያንዳንዱ ታማሚ በኋላ ይጸዳል፣ ዘይት ይጠጣል፣ ወደ እንፋሎት ማምከኛው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ከሥራ በፊት ደግሞ ሁሉም በሙሉ ፍጥነት ይፈተናሉ። መፈተኛው የእሳቸው ክንድ ነበር። «የሰው ከንፈር ላይ የሚያርፍ ነገር መጀመሪያ እኔ ላይ ይረፍ» ይሉ ነበር። ልጆቻቸው የእናታቸው የክንድ ጠባሳ ከምድጃ ቃጠሎ የመጣ ይመስላቸው እንደነበር ትናንት ነግረውናል።

የታማሚዎች ቁጥር በእጥፍ እንዲያድግ በታዘዘበት ዓመት ይህ ደንብ ተሰረዘ። ዘይት መስጠቱ ጊዜ ይበላል ተባለ። ጠዋት መፈተኑም ቀረ። እትዬ ዘይት ተቃወሙ፤ «ሐሳብዎ ተይዟል» ተባሉ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ የአውቶቡስ ሹፌር የመንጋጋ ጥርሳቸውን በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት መጡ። አንዲት ወጣት ሐኪም ሥራዋን በሚገባ ፈጸመች። መሣሪያውን ስታወጣ ግን የሹፌሩ የከንፈር ጥግ ነጭ ሆኖ ተልጦ አየች። ጮኸች። ሹፌሩ ምንም ስላልተሰማቸው «ምን ሆንሽ ልጄ?» ብለው ያጽናኑት እሷን ነበር።

አስተዳደሩ ጉዳዩ እስኪጣራ ለታማሚው ምንም እንዳይነገር አዘዘ። እትዬ ዘይት ትእዛዙን ሰምተው ቀጥታ ወደ ሹፌሩ አልጋ ሄዱ። «ያቃጠልንዎት እኛ ነን። ሐኪምዎ አላጠፋችም። መሣሪያው ሞቆ ነበር፣ መሞቁንም ማየት የነበረብን እኛ ነበርን» አሏቸው። ከዚያ ወደ ምድር ቤት ወርደው፣ በየክፍሉ ያሉት ኤሌክትሪክ ሀንድፒሶች በሙሉ እንዲሰበሰቡ አደረጉና ቆለፉባቸው።

የሆነውን በዓይናችን አይተናል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ደረጃውን ወርደው መጡ።

«ታማሚ ደጅ ተሰልፎ እርስዎ መሣሪያ ቆልፈው ይቀመጣሉ?»

«የቆለፍኩት መሣሪያ አይደለም፣ እሳት ነው።»

«በማን ሥልጣን?»

«ሥልጣን ከሆነ የለኝም። ቁልፉ ግን አለኝ።»

ይህ ማህበር ሰው ሲሞት እያወደሱ እንጂ እየመዘኑ አይናገሩም የሚለውን ልማድ አይከተልም። የእትዬ ዘይት ውሳኔ ሰው ጎድቷል። ሕመም ያናወዛቸው ሰዎች ወንበር ላይ ዋሉ። መሰርሰር የማያስፈልጋቸው በእጅ መሣሪያ ተስተናገዱ፤ ሌሎቹን በባልደረቦቻችን መኪና ወደ ሌላ ሆስፒታል አደረስን። ያም ሁሉንም አላዳረሰም። ጉንጯ ያበጠ አንዲት የገበያ ነጋዴ ምድር ቤት ድረስ ወርዳ «አንቺ ሴትዮ፣ ሕመሙ እኮ የኔ ነው!» ብላ ጮኸችባቸው።

«እውነትሽን ነው እህቴ» አሉ እትዬ ዘይት። «በሕመምሽ ላይ ቃጠሎ ልጨምርልሽ ግን አልችልም።»

ነጋዴዋ ተራግማ ወጣች። የጥርሷ መግል ወደ አንገቷ ወርዶ በማግስቱ ሆስፒታል ተኛች። እትዬ ዘይት ይህን ሲሰሙ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው አለቀሱ፤ ቁልፉን ግን አላወጡም። መሣሪያዎቹን ከጥገና ባልደረቦቻችን ጋር አንድ በአንድ እየፈተኑ፣ እየፈቱ፣ የጠቆረውን ኩሽኔታ እየለወጡ፣ እያጸዱ፣ ዘይት እያጠጡ እንደገና ፈተኗቸው። በመጀመሪያው ፈተና አብዛኞቹ ሞቀው ነበር። ጥቂቶቹም ሰው ለማቃጠል ትንሽ ብቻ የቀራቸው ነበሩ። በሥራው መካከል በየቀኑ እየወጡ ነጋዴዋ አልጋ አጠገብ ይቀመጡ ነበር። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች፤ እሳቸው ተቀምጠው ይመለሳሉ። ዳነች። ቀዶ ሕክምናውም የተፈተኑት መሣሪያዎች ሲበቁ ተጀመረ።

አጣሪ ኮሚቴው በወጣቷ ሐኪም ላይ «ቸልተኝነት» የሚል ውሳኔ አዘጋጅቶ ለእትዬ ዘይት ለፊርማ አቀረበላቸው። አልፈረሙም። ከንፈራቸው ገና በፋሻ የተሸፈነው ሹፌር ራሳቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው «ልጅቷን ከነካችኋት ክስ እመሠርታለሁ፤ ዘይቱን ከመለሳችሁ ግን ይቅር ብያለሁ» አሉ። ወጣቷ ሐኪም ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ዛሬ የቀዶ ሕክምና ተማሪዎችን የምታስተምር እሷ ናት። ደንቡም ተመለሰ።

እትዬ ዘይት ግን ትእዛዝ በመጣስ ተብለው ከኃላፊነት ተነሱና ጋውን ማከማቻ ተመደቡ። ጋውኑን በሥነ ሥርዓት አጣጠፉ። በምሳ ሰዓት ግን ዳቦአቸውን እየገመጡ ምድር ቤት ይወርዱ ነበር። እኛም የታመመ ሞተር ስናገኝ በቦታቸው ወደተተኩት ኃላፊ ሳይሆን ወደ ጋውን ማከማቻ እንወስደው ነበር። የተተኩት ኃላፊም፣ ለክብራቸው ሲባል ይነገርላቸው፣ የመጀመሪያው ወሳጅ ራሳቸው ነበሩ። አስተዳደሩ ሲለወጥ እትዬ ዘይት ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

በያዝነው ዓመት፣ እሳቸው አልጋ ላይ ሳሉ፣ አሁን ያለው አስተዳደር የጥገና ክፍሉ እንደሚዘጋ፣ መሣሪያዎቹም በየጊዜው ተሰብስበው ከከተማው ውጭ ላለ ተቋራጭ እንደሚላኩ አስታወቀ። ምክንያቱ የኃላፊዋ መታመም ነው ተባለ። ሊጠይቋቸው የሄዱ ባልደረቦቻችን ይህን ሲነግሯቸው ከትራሳቸው ቀና ብለው «እኔ እንጂ ክፍሉ አልታመመም» አሉ። ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሳላቸው ሲበርድ ደግሞ የሁለተኛው ፎቅ ሀንድፒስ ድምፅዋ እንዴት እንደሆነ ጠየቁ።

ማህበሩ አስተዳደሩ በሚሰማው ቋንቋ ይናገር። ጠዋት የሚሞቅ መሣሪያ በየጊዜው የሚመጣ ተቋራጭን አይጠብቅም። የጥገና ክፍሉ አይዘጋም። በሩ ቢታሸግ ጠረጴዛውን ኮሪደር ላይ እናወጣዋለን፤ ኮሪደሩ ቢከለከል ግቢው ሰፊ ነው። ያልተፈተነ ሀንድፒስ ወደ ማንም አፍ እንዲገባ የሚያዝ ማንኛውም ኃላፊ፣ መሣሪያውን መጀመሪያ በገዛ ክንዱ ላይ እንዲያሳርፍ በትሕትና እንጠይቃለን።

ትናንት ሀዘናቸውን ሊገልጹ ወደ እትዬ ዘይት ቤት ከመጡት መካከል ያቺ ነጋዴ ነበረች። ከባለቤታቸው አጠገብ ተቀምጣ «ያን ጊዜ ረግሜያት ነበር። ያ ሕመም አሁንም አይረሳኝም» አለች። ባለቤታቸው አንገታቸውን ነቀነቁ። «ግን» አለች፣ «ስታመም እንደዚያ አጠገቤ የተቀመጠ ዘመድ እንኳ የለኝም።»

ለባለቤታቸው ለመምህሩ፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ እንደ እናት ሆነው ላሳደጓቸው ወንድማቸው፣ በምድር ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ አብረዋቸው ለደከሙ ባልደረቦቻችንም ብርታቱን ይስጣችሁ እንላለን። ሀዘናችሁ ሀዘናችን ነው። የቤቱን ማራገቢያ የማህበሩ አባላት መጥተው ይጠግኑታል።

ባለቤታቸው አንድ ነገር ብቻ አሳስበውናል፤ በእትዬ ዘይት ሞት ምክንያት አንድም ታማሚ እንዳይጠብቅ። በዚህም መሠረት የጥገና ክፍሉ ዛሬ ጠዋት በተለመደው ሰዓት ተከፍቷል። መሣሪያዎቹ ሁሉ ተፈትነዋል። ሁለቱ ሞቀዋል፤ አስቀርተናቸዋል። ከአስተዳደሩ ቢሮ ተደውሎ «ሁለቱ መቼ ይመለሳሉ?» ተብለን ተጠይቀናል።

«ሲጠገኑ» ብለናል።

የሠራተኞች ማህበሩ