ለአንቺ ብቻ ብዬ የጻፍኩት

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር አለ። በሕይወቴ መጀመሪያ ብቻዬን አንብቤ የጨረስኩት የልጄን ደብተር ነው። ፍራሿ ስር ደብቃው የነበረውን። ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር።

ይኸው እዚህ ደብተር ላይ ጻፍኩት። እጄ አልተሰበረም።

ዛሬ ሌላ ወሬ የለም። ሁለት ቀሚስ አሳጠርኩ፣ የአንድ ሱሪ ዚፕ ቀየርኩ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስፌት መኪናው አጠገብ ተቀመጠችና በስልኬ ገጽ ከፈተችልኝ፤ ሰው ፎቶ የሚለጥፍበት።

"እምዬ፣ የሰፋሽውን ልብስ ለደንበኞችሽ ታሳዪበታለሽ።"

የአያቷ ፎቶ ይግባበት አልኩ።

"እሱማ አርፏል፣ ተይው። አንቺ ነሽ የምትለፊው!"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

መጻፍ ለመድኩ፣ በአንድ ጣት። ፊደል የያዝኩት በጆሮዬ ነው፤ ልጄ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስታጠና፣ እኔ እየሰፋሁ፣ በኋላ ደብተሯን እያየሁ... አሁን ደግሞ በስልክ! ማን ያምናል?

ሚጢ ፎቶዋን ለጥፋለች። (ሚጢ የምንላት የልጅ ልጄን ነው። በቁመት ከበለጠችኝ ቆይታለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም።) ደስ አለኝና ከሥሩ ጻፍኩላት። ባለፈው ሳምንት ልብስ መለኪያው መጋረጃ ውስጥ ዩኒፎርሟን ስትለካ የነገረችኝን አስታውሼ፤ "የኔ ቆንጆ፣ ያ ፊተኛው ረድፍ የሚቀመጠው ልጅ ሰላምታሽን ካልመለሰ ለእሱ ብለሽ አታልቅሺ። እምዬ አለሁልሽ።"

ደብዳቤ እንደላከ ሰው ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ቦርሳዋን ወርውራ ገባች። ዓይኗ አብጧል።

"እምዬ፣ ምን አደረግሽኝ?"

"ምን አደረግኩ?"

"ክፍሉ በሙሉ አንብቦታል! 'እምዬ አለሁልሽ፣ እምዬ አለሁልሽ' እያሉ ሲያላግጡብኝ ዋሉ። ልጁ ራሱ አንብቦታል!"

"ለአንቺ ብቻ እኮ ነው የጻፍኩት..."

"ለሦስት መቶ አርባ ሰው ነው የጻፍሽው!"

ሦስት መቶ አርባ ሰው። እዚህች ክፍል ውስጥ ቆመው ለማየት ሞከርኩ። መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 8

የልጅ ምስጢር ሳወጣ ሁለተኛዬ ነው... የመጀመሪያውንም ልጻፈው።

ያን ደብተር ያነበብኩት ለክፋት አልነበረም። ማንበብ ቻልኩ ብዬ ነው። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ "ስማኝ እስቲ" አልኩና አነበብኩለት። ልጃችን ስለወደደችው ልጅ የጻፈችውን፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ቃል ሳልስት። እኔ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው። እሱ ነገሩን ሰማ።

ደብተሩን አቃጠለው። ልጄ ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ሌላ የትም እንዳትሄድ ተከለከለች።

የተደበቀበትን ቦታ የምታውቀው አንዲት ጓደኛዋ ብቻ ነበረች። ልጄ "ለአባቴ የነገረችው እሷ ናት" አለች። እናቷ ማንበብ አትችልማ! እኔን ማን ይጠረጥራል? ጓደኛዋ እያለቀሰች በር ድረስ መጣች። "ተመለሺ" ያልኳት እኔ ነኝ።

ሃያ ስድስት ዓመት ሆነ። ያች ጓደኛ ዛሬ ጥግ ላይ ያለው መድኃኒት ቤት ባለቤት ናት። ልጄ ራሷን ሲያማት እንኳ ሁለት መንገድ ተሻግራ ሌላ ቦታ ትገዛለች። እኔ ዝም። ባለቤቴም ሳይናገር ሞተ።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ልጄ ከሆስፒታል ተረኛነቷ ስትወጣ በቀጥታ እኔ ጋ መጣች። የነርስ ጫማዋን እንኳ አልቀየረችም።

"እማዬ፣ ይቺ ልጅ የምትደብቀኝ ነገር አለ። ሰሞኑን መስኮት መስኮቱን ነው የምታየው። ስልኳን እዚህ ስትተው ከፍተሽ እይልኝ። አንቺን አትጠረጥርሽም።"

አትጠረጥርሽም...

"እምቢ" አልኩ።

"ለእሷው ብዬ እኮ ነው!"

"አውቃለሁ። ጠይቂያት።"

"ጠየቅኋት! 'ምንም' ነው መልሷ። ግድግዳ ባናግር ይሻለኛል።"

ተቆጥታ ሄደች። ልክ ነኝ? ልጅቷ ክፉ ነገር ላይ ብትሆንስ? ግን ስንት ዓመት ሰው ሳለካ "ልግባ?" ሳልል መጋረጃ ገልጬ አላውቅም። ለባዕድ ያላደረግኩትን...

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

ሚጢ በስድስተኛው ቀን መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

"ይቅርታ አድርጊልኝ" አልኳት።

"ትልቅ ሰውም ይቅርታ ይላል እንዴ?"

"ጥፋቱም ትልቅ ሲሆን።"

ሳቋ አመለጣት። ማን ምን እንደሚያይ አስተምሪኝ አልኳት። ስልኳን ራሷ ከፍታ ፎቶዋን የሚያዩትን ሰዎች ዝርዝር አሳየችኝ።

"ይሄ ማነው?"

"እንጃ።"

"ይቺስ?"

"የጓደኛ ጓደኛ... መሰለኝ።"

"መጋረጃው ውስጥ ስትለኪ ታስገቢያታለሽ?"

"እምዬ ደግሞ!"

እየሳቀች ሳለ አንዱ ስም ላይ ጣቷ ቆመ። ፊቷ ተለወጠ። የማታውቀው ሰውዬ የጻፈላትን አሳየችኝ፤ "ሰማያዊዋን በር አውቃታለሁ። ስትወጪ አይሻለሁ።"

ቀደም ብላ የለጠፈችው ፎቶ ላይ ሰማያዊው በራችን አለ። ዩኒፎርሟ ላይ የትምህርት ቤቷ ስም። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይህን ተሸክማ ስትወጣ ስትገባ...

"ለእናትሽ ለምን አልነገርሽም?"

"ስልኬን ትቀማኛለቻ!"

ስልኩን ከእጇ አልወሰድኩም። "ይሄ ዛሬውኑ መነገር አለበት። የምትነግሪያት አንቺ ነሽ። እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ" አልኳት።

ስልኩን አገላበጠችው። ከዚያ ራሷ ደወለች። "እማ፣ ስትወጪ እምዬ ጋ ነይ።"

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልጄ ትናንት ስትሰማ እጇ ወደ ስልኩ ተወረወረ። እኔን አየችኝ። እጇን መለሰች።

"እሺ... አንቺው አሳዪኝ።"

ዛሬ ጠዋት ሁለቱ ተያይዘው መልእክቱን ለፖሊስም ለትምህርት ቤቱም አሳዩ። ሰውዬው ገጿ ተዘጋበት። የበሩ ፎቶ ጠፋ። እናትዬው ለጊዜው እየሸኘቻት ነው፤ ሚጢ ታጉረመርማለች፣ ክንዷን ግን አትለቅም።

ከሦስት መቶ አርባው ስልሳ አንድ ሰው ብቻ ቀረ። እኔስ ብዬ ጠየቅኋት።

"አንቺ በሙከራ ላይ ነሽ።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሚጢ ስሰፋ ፎቶ አነሳችኝ። "ልለጥፈው?" አለች። ጠየቀችኝ! መነጽሬን አስተካክዬ እሺ አልኩ።

ሰውዬው ተገኝቶ ፖሊስ ጠርቶታል። ልጄ ያን ከነገረችኝ በኋላ "እማዬ፣ ያን ቀን እምቢ ያልሽው ለምንድነው?" አለችኝ። ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ጥያቄ፣ አፌ ግን እምቢ አለ። "ጽፌዋለሁ" አልኳት። "ለማን?" ስትል ደንበኛ ገባ።

ለማን? ስጀምር ለራሴ ነበር።

ነገ እረፍቷ ነው። ይህን ደብተር ፍራሽ ስር አላደርገውም፤ በእጇ እሰጣታለሁ። ብትቆጣም ትቆጣ። ከፈለገች ጥግ ወዳለው መድኃኒት ቤት ይዛው ትሂድ፤ ከፈለገች ለማንም አታሳይ። እሷ ታውቃለች።

አንድ ደብተር ወስጄባታለሁ። ይኸው ይሄኛው የልጄ ነው።