ኤሊኦር በሩን ዘግቶ የሰማው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለትዋብ፤
ጎንደር።

እትዬ ትዋብ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? ክረምቱ ካለፈ ወዲህ ሻል ብሎሻል ወይስ ያው እንደ በፊቱ ዳገት ስትወጪ ይይዝሻል? ጋሼ ማንያዘዋልንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ እዚያ አብረዋችሁ ወደዚህ ለመምጣት ተራ የሚጠብቁት ሁሉ እንደምን አሉ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር የእስራኤል አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ ድካሙን ሳልጨምር ነው። የዚህ አገር ድካም ተኝተሽም አይወጣልሽም፤ ጠዋት ስትነሺ አብሮሽ ይነሳል።

በስልክ ብትነግሪኝስ ትይኝ ይሆናል። ስልኩ ግማሹን መስመር ይበላዋል፤ የቀረውን "ይሰማሻል ወይ" ስንባባል እንጨርሰዋለን። የባለቤቴ የአለነ የአጎቱ ልጅ ዘርዑ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ስለሚመጣ በእጁ ልላክልሽ ብዬ ነው፣ ከሥራ መልስ ጥቂት ጥቂት እያልኩ የጻፍኩት። ነገሩ የልጄ የኤሊኦር ነው። ደጋግመሽ ስትጠይቂኝ "ደህና ነው" እያልኩ አልፌሻለሁ። ሆዴ አልችል እያለኝ ነው እንጂ ልጅሽን ካንቺ ልደብቅ ብዬ አይደለም።

እንደምታውቂው ወታደርነቱን ጨርሶ ፋብሪካ ገብቶ ነበር፤ አለነ ከሚሠራበት ቦታ ስንቱን ለምኖ ያስገባው። ከዚያ ጦርነቱ መጣና እንደገና ጠሩት። ሚሉኢም ይሉታል እዚህ፣ ጨርሶ የወጣውን ወታደር መልሰው ሲጠሩት። ሄደ፣ ተመለሰ፤ ደግሞ ሄደ። የመጨረሻውን ጊዜ ሲመለስ አካሉ ሙሉ ነው፤ እግዚአብሔር ሰማን ብለን እልል አልን። ብዙም ሳይቆይ ግን ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ሥራውንም ተወ። ተኝቶ ነው እንዳልል እንቅልፍ የለውም፤ ዓይኑ ደም ለብሶ ነው የማየው። ምግብ በሩ ሥር አኖርለታለሁ፣ አንዳንዴ ይነካዋል፣ አንዳንዴ እንደተከደነ አነሳዋለሁ። "ኤሊኦር፣ አለህ?" ስለው "በሴደር፣ ኢማ" ይለኛል፤ ደህና ነኝ እማዬ ማለቱ ነው። ሌላ ቃል አልነበረም። ለምነን ለምነን ሐኪም ዘንድ መመላለስ ጀመረ፤ ምን እንዳየ ግን ለእኛ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

አለነን ታውቂው የለ፣ ሲያዝን የሚቆጣ ሰው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ሣጥን ከወደቀበት ጀምሮ ግራ እግሩን ይጎትታል፤ አንድ ቀን ሳሎን ቆሞ፣ ልጁ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "እኔ በአንድ እግሬ ስለፋ እሱ በሁለት እግሩ ይጋደማል" አለ። ከዚያ ወዲያ አባትና ልጅ አልተነጋገሩም። እኔ በመካከላቸው መልእክተኛ ሆንኩ። ሾርባው እየቀዘቀዘ ነው በይው፣ አልራበኝም በይው፤ ባንድ ቤት ውስጥ ከአገር አገር እንደምላክ።

በጋው ላይ ሺረል የምትባል ልጅ መጣች። ትምህርት ቤት አብራው የነበረች፣ ሥዕል የምትሠራ፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች፣ ቀጭን ልጅ ናት። እሷና ጓደኞቿ እዚሁ ከተማ፣ ሽኩና ኣሌፍ በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የተዘጋ የአናጢ ቤት ተከራይተዋል። አለቃ የላቸውም፤ ሠዓሊውም ሙዚቀኛውም ራሳቸው ይጠርጋሉ፣ ራሳቸው ግድግዳ ይቀባሉ፣ ራሳቸው በር ላይ ቆመው እንግዳ ይቀበላሉ። ኤሊኦር መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመድ ሊዘረጋላቸው ሄደ፤ ቀጥሎ መዋል ጀመረ። ፊቱን ታጥቦ ደረጃውን ሲወርድ ስሰማ፣ የት ነው የምትሄደው ለማለት እንኳ ፈራሁ። እንዳይመለስብኝ።

የዳስ በዓል እንዳለፈ አንድ ወር ሙሉ ትርዒት አዘጋጁ። ሰው ሰምቶት የማያውቀውን ሙዚቃ በየምሽቱ ያሰማሉ፣ ግድግዳውና ወለሉ ደግሞ በሥዕልና በተሰቀለ ዕቃ የተሞላ ነው ተባለ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ወጥቼ፣ ዳቦ ይዤ፣ ልጄ የሚውልበትን ልይ ብዬ ሄድኩ። እትዬ፣ ምን ብዬ ልንገርሽ። የበረሃ አቧራ የተቀባ አንሶላ ሰቅለዋል። እኔ ቀኑን ሙሉ ከአንሶላ ላይ እድፍ ሳስለቅቅ ውዬ፣ ሰው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያደፈ አንሶላ ሲያደንቅ አየሁ። አንዷ ልጅ አሮጌ ፍሪጅ ላይ ሽቦ ወጥራ ትመታለች፤ ፍሪጁ ሲያጉረመርም እሷም አብራው ታጉረመርማለች። አንድ ጎልማሳ ደግሞ የቫዮሊን ደጋን ይዞ ቆርቆሮ ይፈትጋል፤ ጥርሴን አሳከከኝ። ሰዉ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። እኔም እንደነሱ ልሁን ብዬ ዓይኔን ብጨፍን ጊዜ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ሺረል ኮቷን ደርባልኛለች፣ ቆርቆሮውም አብቅቷል። አፍሬ ይቅርታ ብላት፣ "ተይው፣ እዚህ ለመተኛት ብለው የሚመጡም አሉ" አለችኝ። ነገሩ ቀልድ ይሁን እውነት አላወቅኩም።

የሰፈር ወሬ ደግሞ ቀደመኝ። ከታችኛው ፎቅ ያለችው ማሚት ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ "ልጅሽ ከፍሪጅ ጋር ይዘፍናል አሉ፣ እውነት ነው?" አለችኝ። አለነም ከጸሎት ቤት ፊቱን አጥቁሮ መጣ። "ሥራ ትቶ ቤት ተቀመጠ ስንል አሁን ደግሞ መሳቂያ አደረገን" አለ። ራቱን ፊቱ አኑሬለት ወጥ ቤት ገባሁ። መመለስም ጉልበት ይጠይቃል።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ኤሊኦር ወጥ ቤት መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ምስር እለቅም ነበር። በዕብራይስጥ ነገረኝ፤ እንዳይገባኝ ሰግቶ መልሶ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ደገመው። "ሐሙስ የእኔ ተራ ነው። ውስጡ አንቺ አለሽበት፣ አባም አለበት። መጥታችሁ ስሙት። ካልወደዳችሁት ሰው ሳይገባ አጠፋዋለሁ" አለኝ። ሳሎን ሄዶ ለአባቱም ይህንኑ አለ። አለነ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ኤሊኦር ጥቂት ቆሞ ሄደ።

ሐሙስ ዕለት ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ፤ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሁሉ ተነስቶ በሮች ብቻ ቆመዋል። ግድግዳ የሌላቸው በሮች፣ እትዬ፤ ወለሉ መካከል ብቻቸውን። ሰፈሩ ውስጥ አሮጌ ቤት ሲያፈርሱ መንገድ ላይ የጣሉትን ከሺረል ጋር ለቅመው፣ እሷ ገሚሱን ቀብታዋለች፣ ገሚሱን ከነቁስሉ ትታዋለች። የልጅ ቁመት የተለካበት ጭረት ያለበት በር አለ። ከየበሩ ኋላ ድምፅ ማጉያ ተደብቋል፤ ጆሮሽን ካላስጠጋሽ አይሰማም። ኤሊኦር እጄን ይዞ ከአንዱ አጠገብ አቆመኝና ራቅ አለ።

ጆሮዬን አስደገፍኩ። መጀመሪያ ዝምታ ነው። ቀጥሎ ደረጃ የሚወጣ ሰው፣ እያረፈ የሚወጣ። ቁልፍ ሲዞር፣ ዘንቢል መሬት ሲቀመጥ፣ ጫማ ሲወልቅ። ከዚያ አንድ ረጅም ኡህታ። እናታችን መሰለችኝ፤ ከገበያ ተመልሳ ሸክሟን አውርዳ እንደምትተነፍሰው ያለ ነው። የሟች ድምፅ ከየት አመጡ ብዬ ስደነግጥ፣ "ኤሊኦር፣ አለህ?" የሚል ሰማሁ። የኔው ድምፅ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ለሐሜት ብቻ የተነገረ ይመስለኝ ነበር። እንዲያ እንደምተነፍስ እስከዚያ ቀን አላውቅም። "በሴደር፣ ኢማ" አለ ልጄ በበሩ ውስጥ፤ እርምጃዬ ሲርቅም ይሰማል። እኔ ያልሰማሁት ቀጥሎ ያለውን ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ እሱም ልክ እንደኔ አድርጎ ይተነፍሳል።

ለካ ያን ሁሉ ወራት የድምፅ መቅረጫ አጠገቡ አድርጎ፣ በሩ ሥር ወለሉ ላይ ተኝቶ ይሰማን ነበር። ከዘጋብን በር ኋላ ከእኛ ርቆ ያለ መስሎኝ፣ እሱ ከበሩ ጋር ተጣብቆ ነበር። ለምን እንዲህ አደረግክ ብለው፣ "ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ድምፅ የሚያስቆምልኝ የእናንተ ድምፅ ነበር። አንቺ ስትመጪ ቀኑ አለፈ እላለሁ" አለኝ። በሩን ይዤ አለቀስኩ። ሰው አየኝ አላየኝ አላልኩም። አታጥፋው አልኩት።

ሰዉ እየገባ ከበር በር ሲዞር፣ ውጭ የመኪና ጡሩምባ ሰማሁ። አለነ ነው፤ "እግርሽ አብጦ በአውቶቡስ እንዳትመጪ" ብሎ ሊወስደኝ መጥቶ፣ ግን አልገባም ብሎ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሺረል ወጥታ ምን እንዳለችው አላውቅም፤ ብቻ በሥራ ልብሱ፣ ቆቡን እየጨመቀ ገባ። ኤሊኦርን ሲያይ ዓይኑን መለሰ። ልጅቱ አንዱን በር አሳየችው። ፊቱን እንዳጠቆረ ጆሮውን አስጠጋ። እኔም ከማዶው ተጠጋሁ።

ነጠላ ጫማ ይሰማል። አንዱ እግር ይረግጣል፣ ሌላው ይጎተታል። ኮሪደሩን ይዞ ይመጣል፣ ይቀርባል፣ ይቆማል። ዝም። ሳል የዋጠ ሰው ጉሮሮ ትንሽ ይሰማል። ብዙ ከቆየ በኋላ እግሩ እየተጎተተ ይመለሳል። ይህ ያበቃና የሌላ ቀኑ ይጀምራል፤ ይመጣል፣ ይቆማል፣ ይመለሳል። ደግሞ የሌላ ቀኑ። እትዬ፣ ይህ ሁሉ እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው፤ ባሌ በየቀኑ ልጁ በር ላይ እንደሚቆም አላውቅም ነበር። እኔ የማውቀው ሲቆጣ ነው።

አለነ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ ቀና አለ። ወደ ኤሊኦር ዞሮ፣ ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ "መቆሜን ታውቅ ነበር?" አለው በአማርኛ። ኤሊኦር በዕብራይስጥ፣ "ሁልጊዜ፣ አባ። ትንፋሼን ይዤ፣ አሁን ይገባል እል ነበር" አለው። አለነ፣ "እንቅልፍ ወስዶህ እንደሆነ ብዬ ነው። እንዳልቀሰቅስህ" አለ። ልጁም፣ "ተኝቼ አላውቅም" አለው። ከዚያ አለነ ወንበር ጠየቀ። ኤሊኦር ወንበሩን አምጥቶ እሱ ራሱ አባቱ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠ። አዳራሹ እስኪዘጋ እንደዚያው ነበሩ፤ እኔም አልጠራኋቸውም።

ወሩ አለቀ። ቦታውን ለሌላ ትርዒት ስላዘጋጁት በሮቹ መነሳት ነበረባቸው፤ አለነ ከሥራ ጓደኛው የጭነት መኪና ተውሶ ከልጁ ጋር ተሸክመው አወጧቸው። ልጄ ዳነ ብዬ እንዳልዋሽሽ። ሐኪሙን አሁንም ይመላለሳል። ደህና የሚውልበት ቀን አለ፣ ከክፍሉ የማይወጣበትም አለ። ልዩነቱ፣ ባልወጣ ቀን አለነ ገብቶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። የሚያወሩት ብዙ የላቸውም፤ ኳስ ያያሉ። ባለፈው ሳምንት ለስግድ በዓል ሦስታችንም አብረን ወጣን፤ ጸሎቱ ሲጀመር ልጄ አባቱ አጠገብ ቆሞ አየሁት። እኔም ያን ዕለት ገና ራት ሳይቀርብ ሶፋው ላይ ተኛሁ፤ ሥራዬን ሁሉ እነሱ ጨረሱት።

እንግዲህ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ለጋሼ ማንያዘዋል፣ ሳላቸውን ሐኪም ይየው በይልኝ፣ ችላ አይበሉት። ለመጀመሪያ ልጅሽ ለቢልልኝ፣ ተራው ዘገየ ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ፤ ለሚስቱም ለአራስ ልጇም። ለትንሿ፣ ትምህርቷን እንዳትተው። ለጎረቤቶችሽ ሁሉ፣ ስማቸውን ባልጠራም ከልቤ ናቸው። አለነ እጅ ነስቷል። ልጄ ራቪት ከነባሏ ከሰሜን ደውላ አክስቴን ሳሙልኝ ብላለች።

የኤሊኦርን ሰላምታ ለብቻው አደርገዋለሁ፣ ጉዳይ አለውና። ዘርዑ ሲመለስ ይዞልኝ ይምጣ ብሎ ትንሿን መቅረጫውን ልኮልሻል፤ ዘርዑ እንዴት እንደምትከፈት ያሳይሻል። ምን ልናገርበት እንዳትይ። ምንም እንድትናገሪ አይፈልግም። ከፍተሽ ከበርሽ አጠገብ አስቀምጫትና እንደ ወትሮሽ ዋይ፤ ውጪ፣ ግቢ፣ ዕቃሽን አኑሪ፣ ተቀመጪ። አክስቴ ስትገባ እንዴት ነው የምትሰማው፣ እኔ ሰምቻት አላውቅም ነው የሚለው። እኔም ብሆን እህቴ ቤት ስትገባ ከሰማሁ ስንት ዘመኔ።

ታናሽ እህትሽ
ካሳነሽ

ቤርሼቫ፣ ሽኩና ቫቭ
ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.