ቀንድ አውጣው የወጣ ዕለት

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ያ የማይለቅሽ የወገብ ሕመምሽ ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ማለቴ አባዬ ይበላል፣ ይተኛል፣ ይቆጣል፤ እኔም እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ አልቆጣም።

ባለፈው እሑድ በስልክ "አንድ ዓመት ብቻ ጨምሪልኝ፣ ከዚያ አባዬን እኔ እወስደዋለሁ" ላልሽኝ መልሴን የምጽፍልሽ በወረቀት ነው። ስልክ ላይ ሁልጊዜ ታሸንፊኛለሽ። ገና እንዴት ነሽ ስልሽ ድምፅሽ ይሰበራል፤ አጽናኟ እኔ እሆንና ልነግርሽ ያሰብኩት ሆዴ ውስጥ ይቀራል። እዚህ ብታለቅሺም አልሰማሽም። ግን አንብበሽ ጨርሺና አልቅሺ።

መጀመሪያ ላስቅሽ። ቀስታን ታስታውሺዋለሽ? አቶ ቀስታን፣ የልጆች ፊልሙን ቀንድ አውጣ? እኔ ጭራሽ ረስቼው ነበር። ጣቢያችን የድሮ ካሴቶቹን ወደ ኮምፒውተር እያስገለበጠ መሆኑን ነግሬሻለሁ፤ ሥራው የወደቀው እኔ ላይ ነው። መስኮት በሌለው ምድር ቤት ተቀምጬ አንድ በአንድ አያለሁ፣ ለእያንዳንዱም ካርድ እሞላለሁ፤ ርእሱን፣ ርዝመቱን፣ ይዘቱን፣ ከታች ደግሞ "ይቀመጥ" ወይም "ይጣል"። በአራት ወር ውስጥ ሦስት መቶ የሪባን ቆረጣ አይቻለሁ። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ፤ መቀሱ ግን፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ያው አንድ መቀስ ነው።

ታዲያ በቀደም ከአንድ ካርቶን ሥር አሥራ ሦስት ካሴቶች አገኘሁ። ሽፋናቸው ላይ ማንም የማያነበው የባዕድ ፊደል አለ፤ የሚነበበው ቁጥሩ ብቻ ነው፣ ከአንድ እስከ አሥራ ሦስት። አንደኛውን ማጫወቻው ውስጥ ከተትኩት። የአባዬ ድምፅ ወጣ። አራት ዓመት ሙሉ ያልሰማሁት፣ ጤነኛ፣ ቀልደኛ ድምፁ። ቁጭ ብዬ ነበር፤ እንደገና ቁጭ አልኩ።

ከድንጋጤዬ ስመለስ ግን ፊልሙን ማየት ጀመርኩ፤ እውነቴን ነው የምልሽ፣ ልጅ ሆነን ይኼን ነገር አፋችንን ከፍተን ያየነው ምን ነክቶን ነው? በአትክልት ቦታው ውስጥ ያለችው ዛፍ አንዲት ናት። ቀስታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲጓዝ ያቺው ዛፍ ከነተሰበረች ቅርንጫፏ ሰባት ጊዜ ታልፋለች። ወይ ሰዓሊው ሰነፍ ነው፣ ወይ ቀስታ እዚያው እየረገጠ ነው። የዘበኛው ጉንዳን ቆብ በሩን ሲከፍት ቀይ ነው፣ ሲዘጋው ሰማያዊ። ስድስተኛው ላይ ደግሞ ኤሊው ቀስታን ያባርረዋል። ኤሊ ቀንድ አውጣን ሲያባርር እስቲ አስቢው። በሰዓት ለክቼዋለሁ፣ አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል፤ ያም ሆኖ አይደርስበትም። ታሪኩስ ቢሆን? ቤቱን በጀርባው የተሸከመ ፍጡር በየሳምንቱ ከአትክልት ቦታው ግንብ ልውጣ እያለ ይጨነቃል። በየሳምንቱ ወይ ዝናብ ይመልሰዋል፣ ወይ ጉንዳኑ፣ ወይ የአትክልተኛው ባልዲ። አንተ ሰውዬ፣ ቤትህ አብሮህ የሚሄድ ከሆነ የምትወጣው ከምንድን ነው? ካርዱ ላይ "የዋናው ገጸ ባሕርይ ችግር ግልጽ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ትንሽ ቆይቼ ሰረዝኩት። ቤት ተሸክሞ መዞር መውጣት እንዳልሆነ እኔ ካላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው?

ሁሉንም ድምፅ የሚሠራው አባዬ ብቻውን እንደነበር ታስታውሻለሽ። ከቴክኒክ ክፍሉ ከጋሽ ሽቦ በቀር ያን ዘመን የሚያውቅ ሰው ጣቢያው ውስጥ የለም። ጡረታው ደርሷል፤ ቅጥነቱ ግን ያው ነው። እሱ እንዳጫወተኝ ያኔ አቁሞ እንደገና መቅዳት የሚባል ነገር አልነበረም። አባዬ ወረቀቱን ይዞ ይገባል፣ መብራቱ ይበራል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው ነው። ሳል ከመጣ ሳሉም ይተላለፋል። ለካ ዘጠነኛው ላይ ጉንዳኑም ኤሊውም ዶሮዋም፣ የአትክልት ቦታው በሙሉ ጉንፋን የያዘው ለዚህ ነው። ወይዘሮ ዶሮ ደግሞ ቀስታ በመጣ ቁጥር "ጫማህን አውልቀህ ግባ፣ አሁን ነው የወለወልኩት" ትለዋለች። ቀንድ አውጣን፣ ጫማህን አውልቅ! ምድር ቤቱ እስኪያስተጋባ ሳቅኩ። ሳቄ ሳያልቅ ግን አነጋገሩን አወቅኩት። እማዬ ናት። ቃሉም፣ መጨረሻው ላይ ያለችው ትንሽ ጭቅጭቅም የእማዬ ነው።

በየክፍሉ መዝጊያ ላይ ምን ይል እንደነበርስ? "ቀስታም ወደ ቤቱ ገባ። እናንተም ግቡ።" ይኼኔ ባለቴሌቪዥኑ ጎረቤት ቤት የተኮለኮለው የሰፈር ልጅ ሁሉ ተነስቶ ወደየቤቱ ይሄድ ነበር። እኛማ የአባትየው ልጆች ስለሆንን ቀድመን ነበር የምንነሳው።

አሁን ሳቁን እናቁመው። ስትሮኩ ከመታው ወዲህ አባዬ አፍ ላይ የቀረችው ቃል "ግቡ" ብቻ መሆኗን ታውቂያለሽ። ሲጠማው ግቡ፣ ሲበርደው ግቡ፣ ትራሱ ሲንሸራተት ግቡ። እኔ ብቻዬን ከሥራ ስመጣ ከኋላዬ ሠራዊት የተከተለኝ ይመስል "ግቡ" ይለኛል። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ የተባለ ቃል ከሁሉ በኋላ ነው የሚጠፋው ብሎኝ ነበር፤ የት ብዙ ጊዜ ብሏት እንደነበር ሳላውቅ አራት ዓመት ኖርኩ። ለካ ሰውዬው አሁንም ፕሮግራሙን እየዘጋ ነው።

ግን እኮ፣ እህቴ፣ አባዬን ስለምወደው አየር አያጥረኝም ማለት አይደለም። ከምድር ቤቱ ወደ አባዬ ክፍል፣ ከአባዬ ክፍል ወደ ምድር ቤቱ። በመካከሉ የሃያ ሁለት ደቂቃ የእግር መንገድ አለ፤ የእኔ የምለው እሱን ብቻ ነው። መሻገሪያው ላይ ቀይ መብራት ሲይዘኝ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ አረንጓዴውን ሆን ብዬ አሳልፈዋለሁ። አንቺም "ጎበዝ እኮ ነሽ፣ እኔ አንቺን ብሆን አልችለውም" ትይኛለሽ። ጎበዝ ሆኜ አይደለም። እግር ተወርች ታስሬ ነው። መጀመሪያም ያልሽኝ "አንድ ዓመት ያዢልኝ" ነበር፤ ዓመቱ አራት ሲሆን አንዴ እንኳ አላነሳሽውም። አዲሱ ቅርንጫፋችን፣ የአንድ ቀን መንገድ ያለው፣ የካሴት ክፍሉን እንድመራለት ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለቴም አባቴን ለማን ትቼ ብያለሁ። አሁን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀኝ። አለቃዬም እስከ ሰኞ ካልመለስሽ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል፣ አራተኛ ጊዜ የለም ብላኛለች። ክፍሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው አሉ። መስኮት አለው።

ይኼን እያብሰለሰልኩ ነው አሥራ ሦስተኛው ላይ የደረስኩት። ካሴቱ ሲጀምር አወቅኩት፤ ልጆች ሆነን መጀመሪያ ያየነው ክፍል ነው። የአትክልት ቦታው በር ይከፈታል፣ ጉንዳኑ ቆቡን ያወልቃል፣ ቀስታ ይወጣል። ዶሮዋ በክንፏ ታውለበልባለች። ያቺ ዛፍ እንኳ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኋላ ትቀራለች። ቀስታ በኮረብታው ላይ እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ይጠፋል። በሩ ይዘጋል፤ ባዶው አትክልት ቦታ ለረጅም ጊዜ ይታያል። ሥዕሉ እንዲህ ነው። የአባዬ ድምፅ ግን ሌላ ነገር ይናገራል፤ "ቀስታ ትንሽ ተናፍሶ፣ እናንተ ዓይናችሁን ስትጨፍኑ ተመለሰ። ታሪካችንም አሁን ይጀምራል" ይላል።

ከዚያ በኋላ ስንት ሳምንት ሲመለስ ላየው ብዬ ዓይኔን ላለመጨፈን እታገል እንደነበር ትዝ ይልሻል? እኔ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ አንቺ አሥር። አንቺ ግን ያኑ ዕለት "አልተመለሰም፣ ሞኝ" አልሽኝ። እያለቀስኩ ሄጄ ለአባዬ ነገርኩት፤ እሱም ተቆጣሽ። ልክ የነበርሽው አንቺ ነሽ። ያኔ ላሳበቅኩብሽ ይቅርታ።

ካርቶኑ ውስጥ ለአባዬ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አገኘሁ፤ "የክፍሎቹን ቅደም ተከተል በቸልተኝነት በማዛባት" ይላል። አባዬና ቸልተኝነት! የካልሲ ጥንድ እንኳ በቀለም ደርድሮ የሚያስቀምጥ ሰው። ደብዳቤውን ይዤ ጋሽ ሽቦ ጋ ወጣሁ። መነጽሩን አድርጎ አነበበው፣ አጠፈው፣ ምን ቸልተኝነት አለ፣ እኔ ነኝ ካሴቱን የሰጠሁት አለኝ። አባዬ አሥራ ሦስቱንም አስቀድሞ አይቷቸው ኖሯል። በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ መጣና የመጨረሻውን ዛሬ እናስተላልፈው አለ። ጋሽ ሽቦም ካልወደድከው ለምን አንተወውም ቢለው፣ ለአሥራ ሦስት ሳምንት ተመድቧል፣ አንድ ሳምንት ባዶ ይሆናል አለ። እሺ በቦታው ይምጣ ሲለው ግን አባዬ እንዲህ ብሎ መለሰለት፤ "መጨረሻ ላይ ያዩትን ያምናሉ፣ መጀመሪያ ላይ ያዩትን ይረሱታል። ቤት ሁለት ልጆች አሉኝ።" የመጣበትንም ማስጠንቀቂያ ፈረመ።

የትኛው ሳምንት እንደነበር ልንገርሽ አልልም። እማዬ ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አንቺም በመስኮት አይተሻል። እኔ ግን እማዬንም ዓይኔን ስጨፍን የምትመለስ መስሎኝ ስንት ዓመት ኖርኩ።

ትናንት ፊልሙን በፍላሽ ገልብጬ ወደ ቤት ወሰድኩለት። አባዬን ትራስ ደግፌ አስቀመጥኩትና ሪሞቱን ግራ እጁ ላይ አደረግኩለት፤ ድምፅ መዝጊያዋን ብቻ ነው የሚያውቃት። ወይዘሮ ዶሮ ስለ ጫማው ስትናገር ሳቀ፤ በግማሽ ፊቱ፣ ግን ሳቀ። አሥራ ሦስተኛው መጣ። በሩ ተከፈተ። አባዬ የገዛ ድምፁ "ቀስታ ትንሽ ተናፍሶ" ማለት ሲጀምር አውራ ጣቱን ተጫነና ዘጋው። ቀስታ ማንም ምንም ሳይልበት ኮረብታውን ወጣ። ሁለታችንም እስከ መጨረሻው አየነው፤ ባዶውንም ጭምር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና "ግቡ" አለኝ። እጁ ግን በሩን ነበር የሚያሳየኝ። ምን ፈለግክ ብዬ ውሃ ሰጠሁት፣ ገፋው። ብርድ ልብሱን አነሳሁለት፣ ጣለው። እጁን አላወረደም። እኔ ነኝ ያወረድኩለት፤ ይዤው አለቀስኩ።

ዛሬ ጠዋት ካርዱን ሞላሁ። ይዘት፤ ቀንድ አውጣው ይወጣል። ይቀመጥ። በያዝኩት እስክሪብቶ ጠረጴዛዬ ላይ የከረመ አንድ ሌላ ፎርምም ፈርሜ ለአለቃዬ ሰጠሁ።

አባዬ ሻዩን ለብ ሲል ነው የሚወደው፣ ሁለት ጆሮ ባለው ኩባያ፣ ከግራ በኩል። ነጯን ክኒን ከቁርስ በኋላ በሙዝ ስጪው፤ በውሃ ከሰጠሽው ይተፋታል። መጋረጃው ከተዘጋ ይበሳጫል። ሲቆጣ አትመልሺለት፣ ትራሱን አስተካክዪለት። ፍላሹ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተሰካ ነው፤ አሥራ ሦስተኛውን መጨረሻ ላይ አድርጌዋለሁ።

ደብዳቤውን ወደ እናንተ ለሚመጣው አውቶቡስ ሾፌር በእጁ እሰጠዋለሁ፤ ለአንቺ በእጅሽ እንደሰጠሽ ይደውልልኛል። እኔ ዓርብ ወደ አዲሱ ቅርንጫፍ እሄዳለሁ፤ ከላይ ፎቅ ያለችው ጡረተኛዋ ነርስ ያን ሌሊት እኛ ቤት ታድራለች። ቅዳሜም እስከ ስድስት ሰዓት ትቆያለች፤ የእናንተ አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ እንደሚደርስ ጠይቄአለሁ። ፖስታው ውስጥ የሚከብድሽ ቁልፉ ነው። በሩን ትንሽ ወደ ላይ አንሺና ሁለቴ አዙሪው።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ወገብሽን ይማርልሽ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ። ለአባዬም ዕድሜ ይስጥልን፤ አሁን ተራው የአንቺ ነውና አብዝተሽ ለምኚለት። አልተቀየምኩሽም። በሩን ስትከፍቺ ከውስጥ "ግቡ" ይልሻል። ብቻሽን ብትሆኚም ግቢ።

የምትወድሽ
ታናሽ እህትሽ