ሳልሰማ እሺ ያልኩት

ጥቅምት 4
ዛሬም ዝናብ። ከቁርስ በኋላ ከአባዬ ጋር ካርዶቻችንን ዘረጋን። አርባ ዓመት ያስተማራቸውን የድሮ የፈረሰኛ ታሪኮች ለሚያነብ ሰው የቃላት መፍቻ እየሠራን ነው። በአንድ ካርድ አንድ ቃል። እሱ ይናገራል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ጥጉ ላይ ካልፈረመበት ሳጥን አይገባም። ዛሬ ሦስት ብቻ... የጦር ፈረስ፣ የመንገድ ፈረስ፣ የጭነት ፈረስ። የሦስቱንም የጥንት ስም አልሳተም። ቅቤውን ግን “ያን ቢጫውን አቀብዪኝ” አለኝ።

ጥቅምት 14
ባስትያን ከዲዦን ከተማ ደወለ። ወንድሜ መደወል ብቻ ነው የሚችልበት። አባዬ ምድጃ ለኩሶ መውጣቱን ማን እንደነገረው እንጃ። መጦሪያ ቤት እናስገባው አለ። በሕይወት እያለሁ አይሆንም አልኩት። እማዬ ስትሞት ቃል ገብቼላታለሁ። ጮኸብኝ፣ ጮህኩበት። ዞር ስል አባዬ በሩ ላይ ቆሟል... ሰምቶ ይሆን?

ጥቅምት 15
ስሜ ጠፋበት። ከብዙ ቆይታ በኋላ “ኦዲል” አለ። አለቀሰ። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 25
የዛሬው ካርድ “ልመና”። በነዚያ ታሪኮች ለማኙ አንድ ነገር ስጠኝ ይላል፤ ፈረሰኛው ምን እንደሆነ ሳይሰማ ሰጥቻለሁ ይላል። ካለ በኋላ መመለስ የለም፣ ሚስቱንም ቢሆን። ሞኞች ናቸው አልኩ። ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ስንት ጊዜዬ...
“እስቲ እኔም ልለምንሽ” አለ።
“ሰጥቻለሁ።” ጨዋታ መስሎኝ።
“ባስትያን የነገረሽ መጦሪያ ቤት ውሰጂኝ። ስምሽን ሳልረሳ፣ በገዛ እግሬ ልግባ።”
ተወው ብዬ ለመንኩት። ተቆጣሁ። ካርዱን ገፋ አደረገልኝ። ፈርሞበታል። ለካ አስቦበት ነው!

ኅዳር 8
ወሰድኩት። ኮፍያውን ራሱ አደረገ። እማዬ ይቅር ትለኝ ይሆን?

ታኅሣሥ 19
ሳጥኑን አልከፈትኩም። ቤቱ ጭር ብሏል።

ጥር 20
ዛሬ አላወቀኝም። ተነስቶ እጅ ነሳኝና ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ። ሾርባው ቀርቧል፣ አልነካውም። ምግብ ካልነካ ሦስት ቀኑ ነው አለች አስታማሚዋ። ምን እንደነካኝ እንጃ...
“አንድ ነገር ልለምንህ” አልኩት።
ቀና አለ። “ሰጥቻለሁ፣ እመቤቴ።”
በስሜ ጥራኝ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ከየት ያመጣዋል?
“ሾርባህን ጨርስ” አልኩት።
እስከ መጨረሻው ማንኪያ ጨረሰ።