በጉድጓዱ አፍ ላይ የተናገርኩት

ሚያዝያ 20፣ ሰኞ፣ ማታ

ቧንቧው ዛሬም አልመጣም። ለፓፓያዎቹ ልብስ ያጠብኩበትን እጣቢ ሰጠኋቸው። የማንጎ ችግኞቹ ቅጠላቸውን ማጠፍ ጀምረዋል። ሐምሌ ላይ እንወስዳለን ያሉኝ ገበሬዎች ጭራሮ አይወስዱም። የዓመት ልፋቴ በጥቁር ፕላስቲክ ተሰልፎ ያየኛል።

በጓሮዬ የማስቆፍረው የውሃ ጉድጓድ እየጠለቀ ነው። ቆፋሪው ጋሽ ሰይድ በግራና ከተማ በኩል ካለው ገጠር እየተመላለሱ ነው የሚሠሩት። እሳቸው ከታች ይቆፍራሉ፤ የሥራ ጓደኛቸው ይማም ከላይ ሆኖ አፈሩን በባልዲ ይስባል። ዛሬ የወጣው አፈር ጠቆር ይላል። ጨበጥኩት፣ የእጄን ቅርጽ ያዘ። ደስ አለኝ። ቦታውን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ጠዋት ጠዋት ጤዛ የሚቆየው እዚያ ብቻ ነው። እግዚአብሔር ያሳየኝ ምልክት ነው ብያለሁ። ባሌ ደሳለኝ ሥራው ወልድያ ነው፤ በስልክ ስነግረው ሳቀ። ጤዛ የሚቆየው ጥላ ስለሆነ ነው አለ።

ሚያዝያ 22፣ ረቡዕ

እርጥብ አሸዋ ደረስን። እኔ ዘለልኩ፣ ጋሽ ሰይድ አልወደዱትም። አሸዋ አይታመንም፣ ከዚህ በኋላ የሲሚንቶ ቀለበት እያስገባን ብንወርድ ይሻላል አሉ። ውሃው ይታይ እንጂ ቀለበቱ ይደርሳል አልኩ። ወደ ጉድጓዱ ተመልሰው ወረዱ። ቀለበቱን ለማምጣት ቀን ይፈጃል፤ ደመናው ደግሞ ከደጋው በኩል መክበድ ጀምሯል። ጎርፍ ከገባበት ሁሉም ከንቱ።

ነገ ቅ/ጊዮርጊስ ነው። በበዓል መሬት አይነካም። ግን የሚቆፍሩት ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ ለእሳቸው ተራ ሐሙስ ነው። የባሌ ታላቅ እኅት፣ እትዬ አስካለ፣ ኃጢአቱን ለሙስሊም አከራየሽው ወይ ብለው ተሳለቁብኝ።

ሚያዝያ 23፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፍ።

ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጠቆረ። ከታች ጋሽ ሰይድ ግድግዳው አላበው ብለው ተጣሩ። ትንሽ ቀርቷል ማለት ነው። ወዲያው የቀትሩ አዛን ተሰማ። ገመዱን ነቅነቅ አደረጉት፤ አውጡኝ ነው። ይማም ሊስብ ሲል እጁን ያዝኩት። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብዬ፦

«ጋሽ ሰይድ፣ ዝናቡ መጣ እኮ። ዙህርን ከሰዓት ከሚሰገደው ዐስር ጋር አንድ ላይ ይስገዱት። መንገደኛ እንዲያ ያደርግ የለ?»

ሳቃቸው ከታች መጣ።

«እኔ የምን መንገድ ሄድኩ፣ ሙልዬ? እዚሁ ጓሮሽ ነኝ።»

ደግሜ ለመንኩ። አላህ የሰውን ችግር ያውቃል አልኩ። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ነው ያደግሁት፤ የትኛው ቃል የት እንደሚገባ አውቃለሁ። ገመዱ እንደገና ተነቀነቀ። ይማም አንዴ አየኝና እጁን አስለቅቆ ሳበ። ሲወጡ ፊቴን አዞርኩባቸው። ለውዱእ መታጠቢያ ውሃ ሰጠኋቸው፤ ከጄሪካኑ ያለችኝ እሷው ነበረች፣ ለእሷም ቅር አለኝ።

ከአጥሩ ሥር ሰገዱ። ግንባራቸው መሬት ላይ ሳለ ከጉድጓዱ ድምፅ ወጣ። ጩኸት አይደለም። ከባድ ጆንያ ከጫንቃ ሲጣል ዓይነት። እኔና ይማም ሮጥን። ግድግዳው ባንድ ወገን ተንዶ ታቹ የለም። ዶማውንም ባልዲውንም አፈር በላቸው።

ጋሽ ሰይድ ሶላታቸውን አላቋረጡም። ጨርሰው መጡ፣ ከጠርዙ ራቅ ብለው ቆመው አዩ። አልሐምዱሊላህ አሉ፣ ቀስ ብለው። እኔን አላዩኝም። ጫማቸውን አራግፈው ሄዱ።

ዝናቡ አልዘነበም።

ሚያዝያ 24፣ ዓርብ

ቤቱ እንደ ለቅሶ ቤት ሞላ፤ የሞተ ግን የለም። እንኳን ደጅሽ ደም አላየ ይላሉ። እትዬ አስካለ ሁለት ትርጉም አላቸው፦ የተናደው በጊዮርጊስ ቀን ስላስቆፈርሽ ነው፤ ሰውየው የተረፉት ቀኑ የጊዮርጊስ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ባንድ ትንፋሽ አሉት። ዝክር አውጪ አሉኝ። እሺ አልኩ።

ሁሉም ሲያወራ ይማም ጥግ ላይ ተቀምጧል። እጁን እንደያዝኩት አልተናገረም።

ለአንተ ብቻ፣ ደብተሬ። ሰውየውን ከጉድጓድ የጠራቸው እግዚአብሔር ነው፤ ይህን አምናለሁ። ታዲያ ከላይ ሆኖ ቆዩ ያለው ማን ነው? ሰይጣን እንዳልል ድምፁ የኔ ነበር። ለማንጎ ብዬ።

እንቅልፍ የለም።

ሚያዝያ 27፣ ሰኞ

ጋሽ ሰይድ ስላልመጡ ቤታቸው ሄድኩ። አዲስ ዶማ ገዝቼ ይዣለሁ። ባጃጁ መገንጠያው ላይ ጣለኝ፤ ከዚያ በእግር። መንገዱን ሁሉ ይቅርታዬን ስለማመድ ነበር።

ባለቤታቸው ዘሀራ ከደጅ ሮጣ ወጣች። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ በግድ አነሣኋት።

«ልጆቼን ከየቲምነት፣ አባት ከማጣት አዳንሻቸው፣ እቴ ሙሉ። አባታቸው ነግሮኛል። ሥራው ይዞኝ ሶላቱን ረስቼው፣ አዛን ብሏል ውጡና ስገዱ ያለችኝ እሷ ናት አለኝ። በየሶላቴ ዱአ ሳደርግ ስምሽን እጠራለሁ።»

ጋሽ ሰይድ ከኋላዋ ቆመዋል። መሬት መሬት ያያሉ። አፌን ከፈትኩ። ዘሀራ የወተት ኩባያ እጄ ላይ አስቀመጠች። ጠጣሁ።

ሲሸኙኝ ለምን እንዲህ አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ዘሀራ እውነቱን ብትሰማ ደጅሽን አታስረግጠኝም፣ አንቺንም ዓይንሽን አታይም አሉ። የሰው ነውር የሸፈነን አላህ ይሸፍነዋል። የሳምንት ሰኞ እመጣለሁ፣ ቀለበቱን አስመጪ፣ እየደገፍን እንጠርገዋለን አሉ። ዶማውን ተቀበሉኝ።

ማታ ለደሳለኝ በስልክ ነገርኩት። ተዪው አለ። የሞተ የለ፣ የቆሰለ የለ፤ ውሃሽን አውጪ።

ልክ ነው። ወተቱ ግን እስካሁን ጉሮሮዬ ላይ አለ።

ግንቦት 1፣ ዓርብ

ልደታ። ጎረቤት ተሰብስቦ ከደጅ ንፍሮ ቀቀለ። የዘሀራ ወሬ መርሳ ከተማ ገብቷል። ክርስቲያኗ ሙስሊሙን ሶላትህ እንዳያልፍህ አለችው፣ በዚያው ተረፈ። ወሎ ማለት ይሄ ነው እያሉ ያደንቃሉ። የማላውቃቸው ሽማግሌ፣ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ ገበያ መሀል አስቁመው መረቁኝ። አሜን አልኩ። ምን ልበል?

እትዬ አስካለ ጊዮርጊስን ትተው እኔን ይዘዋል። መንፈስ ነው ያናገራት ይላሉ።

ከማንጎው ብዙው ደርቋል። የጋሪ ውሃ እየገዛሁ የቀረውን አቆየዋለሁ። እስከ ሰኞ። ሰኞ ጋሽ ሰይድ ከወረዱ የቀረው ይተርፋል። ለዘሀራ ሳልነግር ዝም ካልኩ ይወርዳሉ።

ለማንጎ ብዬ ሰው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ማውረድ። ሁለተኛ ጊዜ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ፣ ከሰዓት

ቀለበቶቹ መጡ። ደጅ ተደረደሩ።

ጠዋት ጸሎት ላይ ምልክት ስጠኝ አልኩ። ዘሀራን ካላመጣሃት፣ ዝም በይ እንዳልከኝ እቆጥረዋለሁ። ከእግዚአብሔር ጋር እንደ ከብት ደላላ። ከምሳ በኋላ መጣች። ከገበያ ስትመለስ ነው፤ በብብቷ ዶሮ አቅፋለች።

«አርጄ ባመጣት አትበዪልኝም። ራስሽ አሳርጃት ብዬ በነፍሷ አመጣኋት» አለችና ሳቀች። ደስታዋ ፊቷን ልጅ አስመስሎታል።

ዶሮዋን ተቀብዬ ብቻ ቢሆን ኖሮ። ተቀበልኩ፣ መሬት አስቀመጥኩ፣ ተናገርኩ።

«ዘሀራ፣ ውጡ ስገዱ አላልኩም። ቆዩ ነው ያልኩት። ይማም እንዳይስብ እጁን ይዤ።»

ሳቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ፊቷ ላይ ቆየ፣ ቤት እንደጠፋበት ሰው። ጉድጓዱን ዞራ አየችው። ከዚያ ቀለበቶቹን።

«ሲወጣስ?»

ተቆጣሁ አልኳት።

«ሰኞም ልታወርጂው ነበር?»

አዎ አልኩ። ሻርፗን አጠበቀች። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ሄደች። ዶሮዋ እግሯ እንደታሰረ በሩ ሥር ቀረች።

ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

ግንቦት 4፣ ሰኞ

ይማም ብቻውን መጣ። አዲሱን ዶማ መልሶ ከግድግዳው አስደገፈው። ሁለት መልእክት ይዟል። የጋሽ ሰይድ አጭር ነው፤ ሸፍኜልሽ ነበር፣ ምነው ገለጥሽው። ሁለት ቀን ሙሉ ከሚስቱ ጋር አጣላሽው አለ ይማም ከራሱ ጨምሮ። የዘሀራን ግን ቃል በቃል ንገራት ተብሏል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የተናገረው፦

«ከዱአዬ ስሟን አላወጣሁም። ባሌን ግን ጉድጓዷ ውስጥ አላስገባም።»

ሌላ ቆፋሪ ይኖር ይሆን አልኩት። የተናደ ጉድጓድ ማንም አይነካም አለ። እሱ ራሱም አይስብም።

ሁለት ጊዜ ደግሞ እንዲነግረኝ አደረግሁ። ከዘሀራ ቃል የመጀመሪያውን ክፍል።

ግንቦት 5፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት

የቀሩትን ችግኞች ወንዝ ዳር መሬት ላላቸው የግራና ገበሬዎች እሰጣለሁ። ካጸደቋቸው የእነሱ ናቸው። አይሱዙው ከሰዓት ይመጣል። ደሳለኝ አበድሽ አለ፣ ስልኩን ዘጋ። እትዬ አስካለ እውነቱን ሰምተዋል፤ ከትናንት ጀምሮ በደጄ ሲያልፉ ነጠላቸውን ይከናነባሉ።

ጉድጓዱን ልሞላው ነው። ለዚህ ምልክት አልጠየቅሁም። ዝናብ ሲገባ ጠርዙ እየሰፋ ይሄዳል፤ የሰፈር ልጆች ደግሞ በጓሮዬ ነው የሚያቋርጡት። ይማምን ለመሙላቱ ትረዳኛለህ ወይ አልኩት። ለመሙላት ከሆነ እሺ አለ። አፈሩ ብዙ ነው፣ ዛሬ አያልቅም። አካፋው እየተሰማኝ ነው፤ ይማም ሳልወጣ ጀምሯል።