ሙቀጫው ሐዘን የተቀመጠ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤ ኤጁራ ከተማ።

እማዬ፣ ገና ወረቀቱን ሳልዘረጋ ናፍቆትሽ ቀድሞኝ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ በዚህ ዝናብ እንዴት ይዞሻል? የያም ገበያውስ? ዘንድሮ ሥሩ ወፍሯል ወይስ ነጋዴው እንደ ልማዱ ከላይ ትልቁን፣ ከታች ጣት የሚያህለውን ደርድሮ ነው የሚሸጥልሽ? ወንድሜ ኦፖኩ አሁንም ቁርሱን ቆሞ ነው የሚበላው? አክስቴን፣ ጎረቤቶቻችንን ሁሉ በየስማቸው ሳሚልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከስታለች ብለው ቢነግሩሽ አትመኚ፤ ዓሣ እየበላ የከሳ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

ባለፈው ደውለሽ “ድምፅሽን ምን ነካው?” ስትዪኝ “ጉንፋን ነው” ብዬሽ ነበር። ጉንፋን አልነበረም። በስልክ እንዳልነግርሽ ነገሩ ረጅም ነው፣ አንቺም ያለሽበት ነው። ስለዚህ አረፍ ብለሽ አንብቢው።

ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለብሔራዊ አገልግሎት ዓመቴ መምህርት ሆኜ ወደዚህ ወደ ፋንቴ ጠረፍ ስመደብ ምን ያህል እንዳለቀስኩ ታውቂያለሽ። “አክራ ይሻለኝ ነበር፣ እዚያ ከአሸዋና ከዓሣ ጋር ምን ልሠራ ነው?” ስልሽ፣ “ሄደሽ እዪው፣ ካልሆነ ዓመት ምን አላት” አልሽኝ። አሁን ስድስተኛ ክፍሎቼን ብታዪያቸው! ጥያቄዬን ሳልጨርስ የእጅ ጫካ ይቆማል፤ ግማሹ ሊመልስ፣ ግማሹ ሽንት ቤት ሊያስፈቅድ።

ሰሞኑን የደረስንበት ትምህርት ሰውኛ ይባላል። ሰው ያልሆነውን ነገር ልክ እንደ ሰው አድርጎ የሚናገር ዘይቤ ነው። መጽሐፉ “ፀሐይ ፈገግ አለች፣ ነፋሱ አፏጨ” ይላል። ልጆቹ እንደ በቀቀን ደገሙልኝ፣ ከሥሩም አሰመሩበት፤ ዓይናቸው ውስጥ ግን ምንም የለም። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ልጅ አልገባው ሲል መቀመጥ አልችልም። መጽሐፉን ዘጋሁና፣ “በየቤታችሁ ሰው ሳይሆን እንደ ሰው የሚወራለት ነገር አይጠፋም። ታላላቆቻችሁን ጠይቁና አንድ አንድ ዓረፍተ ነገር ይዛችሁ ኑ” አልኳቸው። በዚያ ቀን በራሴ እንዴት ኮርቼ እንደነበር! ምን እንደለኮስኩ መች አወቅሁ።

አራባ የምትባል ተማሪ አለችኝ። ማክሰኞ በመወለዷ ነው ስሟ የወጣላት። ዝምተኛ ናት፤ ስትናገር ግን ክፍሉ ዞሮ ያያታል። አያቷ የዓሣ አጥማጆቹ አለቃ ናቸው፤ ሁሉም በአክብሮት “ናና” ይላቸዋል፤ እሳቸው ሳይፈቅዱ አንዲት ታንኳ ውኃ አትነካም። ማክሰኞ ማክሰኞ ደግሞ እዚህ ባሕሩ ያርፋል። የኛ ምድር ሐሙስ ሐሙስ አርፋ መቆፈሪያ እንደማናነሳባት ማለት ነው። ወንዶቹ ዳር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ እንጂ ማንም አይወጣም።

ታዲያ አራባ የቤት ሥራዋን ልትሠራ፣ ልክ በማክሰኞው፣ መረብ የሚጠግነው ሰው ሁሉ ባለበት፣ አያቷ ፊት ቀጥ ብላ ቆመችና፣ “ናና፣ ባሕሩ ያርፋል የምንለው እንዲያው አነጋገር ነው እንዴ? ማዳም ከቤት ጠይቃችሁ ኑ ብላናለች” አለቻቸው።

መረብ የያዘው እጅ ሁሉ ቆመ። ከዚያ ከአንድ ታንኳ ጥግ አንዱ ጎረምሳ ሳቀና፣ “እሰይ የኔ እመቤት! አነጋገር ብቻ ከሆነማ በሚቀጥለው ማክሰኞ እኛ እንወጣለን፣ ባሕሩ ቁጭ ብሎ አነጋገሩን ያሳምር!” አለ። ጓደኞቹም ሳቁ። አለቃው አልሳቁም። አንድ ጎረምሳ ማክሰኞን ከሻረ ነገ ሁሉም ይሽራል።

በማግሥቱ የአራባ ቦታ ባዶ ነበር። ኤኮው የሚባል ወሬ የማያድርበት ተማሪ አለኝ፤ ገና በሩን ሳልገባ፣ “ማዳም፣ አራባ ዓሣ ማጨሻው ቤት ነው ያለችው። ናና ‘የባሕርን ስም የሚያጠፋ ትምህርት ቤት አትረግጥም፣ ከእናቷ ጋር ዓሣ ታጭስ’ ብለዋል። እርስዎንም ያስጠሩዎታል” አለኝ። “ያስጠሩኝና?” ስለው፣ “ምንም፣ ማዳም። በፊት የተጠራው መምህር ግን ፍራሹን እንኳ ሳይወስድ ነው የሄደው” አለኝ።

እኔስ ብሄድ ሌላ ቦታ አላጣም፣ እማዬ። እሷ ግን ዘንድሮ ከቀረች ቀረች ነው። እዚህ አንዴ ጭስ ቤት የገባች ልጅ ስትመለስ አይታይም።

ዳይሬክተራችን ማስተር ምብሮ ደግ ሰው ናቸው፤ ግን ሲፈሩ ይቀልዳሉ። “ልጄ፣ ምናለ ፕሬዚዳንቱን ብትሰድቢ ኖሮ! እሱን እንደምንም እናስታርቅሽ ነበር” እያሉ በወጉ መሠረት አንድ ጠርሙስ አረቄ አስገዝተው አብረውኝ ሄዱ።

አለቃው ትልቁ ታንኳ ጥላ ሥር ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠዋል። እሳቸውን በቀጥታ ማናገር ነውር ነው፤ መሐል ላይ በትር የያዘ ቃል አቀባይ ይቆማል። እኔ ለእሱ እናገራለሁ፣ እሱ ለእሳቸው፤ ሁላችንም ጎን ለጎን ነን እኮ! ሴቶቹም ዓሣቸውን ትተው መጥተው ከበቡን። የአራባ እናት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ “እንዴ፣ ይቺ ናት? እቺንስ ባሕሩ ቢያገኛት አጥንት ነው ብሎ መልሶ ይተፋታል” አለች። ሌላዋ ተቀብላ፣ “ተያት፣ የኤጁራ ሰው ባሕር የት ያውቃል? ቦይ አይታ ይሆናል” ስትል ሳቁብኝ።

አለቃው፣ “መምህሯን ጠይቃት፤ ባሕሩ እንደማይደክመው ማን ነገራት?” አሉ።

መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። ሰውኛ ማለት እንዲህ፣ ዓይነቱ እንዲህ፣ ጥቅሙ እንዲህ። አፌን ስከፍት አንዱም የለም። ዞር ስል አራባን ጭስ ቤቱ በር ላይ አየኋት። ዓይኗ ቀልቷል፣ ጸጉሯ ላይ አመድ አለ፤ ግን የተቆጣች አትመስልም። አይዞሽ የምትለኝ ይመስል ነበር፣ እኔን! ያኔ ለምን አንቺ ትዝ እንዳልሽኝ አላውቅም።

“አባታችን ወደ ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ በቀረበት ዓመት” አልኩ ለቃል አቀባዩ፣ “የቤታችን ሙቀጫ ሐዘን ይቀመጥ ነበር።”

ሰውየው መልሶ ለአለቃው ሲነግር ራሱ ግራ ገባው። እኔ ግን ቀጠልኩ። አመሻሽ ላይ የየግቢው ዘነዘና ለእራት ያሙንና ካሳቫውን ፉፉ አድርጎ ሲወቅጥ እየተሰማ፣ የኛ ግቢ ጸጥ ሲል፣ “ልጆች፣ ዛሬ ሙቀጫው ዘመድ ሞቶበታል፤ ሐዘንተኛ ደግሞ በዘነዘና አይመታም” ትዪን እንደነበር ነገርኳቸው። ኦፖኩ “ማን ሞተበት?” ሲልሽ “አጎቱ ያም” እንደምትዪው፣ በሌላ ቀን “አክስቱ ካሳቫ”። ኦፖኩ ጥቁር ጨርቅ ፈልጎ የሙቀጫውን አንገት እንደሚያስርለት፣ ተራ በተራ “ያጽናህ” እንደምንለው። ልቅሶ ቤት እንደሚደረገው ውኃ እየቀዳሽ እንደምትሰጪን፣ የሟቹን ደግነት፣ ነጭነቱንና ልስላሴውን እያነሳን ስቀን እንደምንተኛ።

ሁሉም ይስቁ ነበር። “አክስቱ ካሳቫ” ስል አንዱ ሽማግሌ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ ሴቶቹ አንድ በአንድ ዝም አሉ። አጥንት ያለችኝ የአራባ እናት መዳፏን አፏ ላይ አደረገች። ወንዶቹ ገና እየሳቁ ነበር።

“አሁን ሰው መጥቶ ‘ሙቀጫ ያዝናል ወይ?’ ቢለኝ፣ እናቴ ዋሸችኝ አልልም” አልኩ። “በዚያ ቤት ያዘነ ሰው ነበር። በራሱ አፍ ሊናገረው ያልቻለውን በሙቀጫው አፍ ተናገረው። ለልጆቹ የማስተምራቸው ይህንኑ ነው። ዕቃ ሲያዝን፣ ውኃ ሲደክመው ስትሰሙ፣ ‘ውሸት ነው’ ብላችሁ አትለፉት፤ ‘ሰውየው ማን ነው?’ ብላችሁ ጠይቁ ነው የምላቸው።”

እውነቱን ልንገርሽ፣ እንደዚያ ብዬ አስተምሬያቸው አላውቅም ነበር። እዚያው ነው የመጣልኝ። የራሴን ቃል ከሌላ ሰው አፍ እንደምሰማው ሰማሁት። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ፣ ዲግሪ ጭኜ፣ ሰሌዳ ሙሉ ዘይቤ ጽፌ፣ በእኔ ሐሳብ ያዘነው ሙቀጫው ብቻ ነበር። ድምፄ እዚያው አሸዋው ላይ ጠፋ። ጉንፋን ያልኩሽ እሱን ነው።

አለቃው እጃቸውን ታንኳው ላይ አሳረፉ። በመጨረሻ፣ “ስለ ሙቀጫ አላውቅም በላት። ባሕሩ ግን ያርፋል” አሉ። “ያርፋል” አልኩ፣ ከልቤ። ያ የሳቀው ጎረምሳ መረቡን ወደ ጉልበቱ ሳበና መስፋቱን ቀጠለ። ማስተር ምብሮ ፈራ ተባ እያሉ “ልጅቷስ?” ሲሉ፣ “እሷን ገና አልጨረስኩም። መጀመሪያ ይህን ትምህርት በጆሮዬ ልስማው” አሉ።

አለቃው ትምህርት ቤት የመጡት ማክሰኞ ነው፤ ሌላ ቀንማ መች ጊዜ አላቸው። በልጆች አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ ጉልበታቸው አገጫቸው ደረሰ። ቃል አቀባዩ ከኋላቸው በትሩን ይዞ ቆመ። አራባንም አምጥተዋታል፤ ያለ ዩኒፎርም፣ ጭስ ጭስ እየሸተተች፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ጠመኔዬን አነሳሁ።

“እሺ፣ ያመጣችሁትን እንስማ” አልኩ። ኤኮው መች ይጠበቃል፣ “የጠዋቱ ደወል ይጠላናል!” አለ። “ሰውየው ማን ነው?” አልኩት። አሰበና፣ “እኔ ነኝ፣ ማዳም። እኔ ነኝ የምጠላው” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ማንሳ የምትባለው ደግሞ፣ “የአባቴ ሬዲዮ በየወሩ መጨረሻ ያጉረመርማል” አለች። ሰውየው ማን ነው ስላት አንገቷን ደፍታ ሳቀች፤ ጓደኞቿ “አባቷ ናቸዋ!” ብለው ጮኹ። የአለቃው ትከሻ በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ከዚያ ከኋላ በኩል የአራባ እጅ ወጣ።

ልጥራት ወይስ ልተዋት? ማስተር ምብሮ ከመስኮቱ ውጭ ሆነው “ተይ” በሚል ሳል ያስላሉ። ጠራኋት። ወለሉን እያየች፣ “የዓሣ ማጨሻው ምድጃ ካለፈው ማክሰኞ ጀምሮ ያለቅሳል። ትምህርት ቤት ናፍቆታል” አለች።

ሰውየው ማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ኤኮው ሊመልስ አፉን ሲከፍት በዓይኔ አፈጠጥኩበት፤ ዘጋው። አለቃው በመስኮቱ ወደ ባሕሩ አዩ። ቃል አቀባዩ ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ቢሰጣቸው በእጃቸው ገፋ አደረጉት። በቀጥታ ለእኔ ተናገሩ፣ እማዬ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ደነገጡ።

“ለምድጃው ንገሪው” አሉኝ፤ “ነገ ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ዩኒፎርሙን ለብሶ ይምጣ። ልቅሶውን ግን ይተው፣ ዓሣው ጨው ሆነብን።”

ተነሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ “ባሕሩ ግን ያርፋል” አሉ። ልጆቹ ሁሉ በአንድ ድምፅ “ያርፋል፣ ናና!” አሉ። እኔም አብሬ ጮህኩ።

አራባ በማግሥቱ ከሁሉ ቀድማ መጣች።

ይኸውልሽ። ማስተር ምብሮ የአገልግሎት ዓመቴ ሲያልቅ እዚሁ እንድቀር ጠይቀውኛል። ሐሳቤ እንደ ልጆቹ እጅ ተነስቶ አልወርድ ብሏል። ከዚህ ከባሕሩ፣ ከታንኳው፣ ከየቤታቸው የወጣ የንባብ መጽሐፍ ልጽፍላቸው እፈልጋለሁ፤ ፀሐይ ብቻ የማትስቅበት። አጎቴ አክራ ባንክ ውስጥ ያገኘልኝን ቦታ ምን ያህል ለፍቶ እንዳገኘው አውቃለሁ። አንቺ በጥበብሽ አመስግነሽ፣ ለሌላ የሚፈልገው ልጅ ይስጡት በይልኝ።

አንቺን ግን እኔ ራሴ ነኝ የማመሰግንሽ። የማመሰግንሽን ነገር ስሙን ጠርቼ ላሰፍረው ነበር፤ ብዕሬን አንስቼ ተውኩት። አንቺ አልጠራሽውም፣ እኔም አልጠራውም። ብቻ ልጅሽ እንዳወቀች እወቂ።

የአራባ እናት አንድ ቅርጫት በጭስ የደረቀ ዓሣ “ለእናትሽ” ብላ ሰጥታኛለች፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በሹፌሩ እጅ ይደርስሻል። ለጎረቤት ከማካፈልሽ በፊት፣ ለኦፖኩም ከማቅረብሽ በፊት፣ አንቺ ተቀምጠሽ ብዪ። “ጠግቤአለሁ” እንዳትዪኝ።

ያሳደገኝ እጅሽ አይዛልብኝ፤ ምርቃትሽ በሄድኩበት ይከተለኝ፤ ፈጣሪ ደጅሽን በልጅና በልጅ ልጅ ያሙቅልሽ።

የምትወድሽ የበኩር ልጅሽ
ከፋንቴ ጠረፍ